የብርቄ ዋስ

የኩባያው እጀታ ወደ ቀኝ ዞሮ ነበር።

ፌቨን ይህን ያየችው የቁርሱን ዕቃ ስታነሣሣ ነው። የስምምነት ጣቢያው መኪና ልጇን ይዞ ከሄደ ሩብ ሰዓት አልፎታል፤ ይሄኔ የቦርከናን ድልድይ ተሻግሯል። ኩባያውን እንደያዘች ቀጥ ብላ ቆመች። ከዚያ ቢላዋውን አየችው። እሱም ከሳህኑ በስተቀኝ ተጋድሟል፤ ማሩ እስከ እጀታው ወርዶበታል።

ልጇ አስካለ ግራኝ ናት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ማንኪያም፣ እርሳስም፣ ማበጠሪያም የምትይዘው በግራዋ ነው። በቀኟ የምትበላው ብርቄ ናት። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ብርቄ መነሣት አልነበረባትም። ትናንት ማታ ተነጋግረው ጨርሰዋል። "ነገ የምትሄጂው አንቺ ነሽ፤ የብርቄ ነገር በቃ" ብላታለች፤ አስካለም አንገቷን ነቅንቃ እሺ ብላለች።

ጠዋት በሩ "ማን አደረ?" ብሎ ሲጠይቅ ፌቨን ወጥ ቤት ነበረች። ቧንቧው እየፈሰሰ ስለነበር የልጇን መልስ አልሰማችም።

በኮምቦልቻ በር ሁሉ ጠዋት ጠዋት እንዲህ ይጠይቃል። ልጆች ቁጥር ሳይቆጥሩ መልሱን ያውቁታል። ሰውም ሲገናኝ "እንደምን አደራችሁ" ማለቱን ትቶ "ማን አደራችሁ" ይባባላል። አስተማሪው ስም ሲጠራ ሁለት ዓምድ አለው፤ አንዱ የልጁ፣ ሌላው በልጁ ላይ ያረፈው እንግዳ። በክር ፋብሪካው ባለቤቱ ቀን ሠርቶ ይወጣል፤ በዚያው አካል እንግዳው ለማታው ፈረቃ ይገባል። እግሩ ለምን እንዳበጠ የሚጠይቅ የለም። ድሮ ዛር ይባል የነበረውን ዛሬ እንዲያ ብሎ የሚጠራ የለም፤ እንግዳ ነው። ድሮ በጨለማ ጓዳ ይለመን የነበረው ዛሬ በነጭ ክፍል፣ በቀጠሮ፣ በሐኪም ፊት ይነጋገራል። የስምምነት ጣቢያው በር ላይ በትልቁ ተጽፏል፦ ስም የሌለው በሽታ አይደራደርም።

የአስካለ በሽታ ስም አልነበረውም። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጨረሰች በሦስተኛው ወር ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ አለቀ። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ፀጉሯን መታጠብ ተወች፤ ቀጥሎ መብላት፣ ቀጥሎ መናገር። እንግዳ ያለበት ሰው ይታከማል። እንግዳ የሌለውና ዝም ያለ ሰው ግን ከከተማው ውጭ ወዳለው ጸጥታ ቤት ይወሰዳል። ቤተሰብ በዓመት አንድ ቀን፣ በመስታወት በኩል ያየዋል። ከጎን ሕንፃ የተወሰደውን ልጅ ፌቨን አንድ ጊዜ አይታዋለች። ፊቱ እንደታጠበ ሳህን ነበር።

ፌቨን ድሮም ክፉ ክፉው የሚታያት ሴት ናት። ልጇ ገና ሳታስል መቃብሯን የምታይ። ቢላዋዎቹን ደበቀች፣ ክኒኑን ቆጠረች፣ የበረንዳውን በር በሽቦ አሰረች። ሌሊት አምስት ስድስት ጊዜ እየተነሣች በባዶ እግሯ ትሄድና ጣቶቿን ከልጇ አፍንጫ ሥር ታደርጋለች። ትንፋሽ ካለ ትመለሳለች። የመኝታ ቤቱ በር እንደሆነ አይዘጋም። አስካለ በስድስት ዓመቷ የትምህርት ቤት ዕቃ ቤት ውስጥ ተቆልፎባት ውላ፣ ከዚያ ወዲህ በር ከተዘጋባት መተንፈስ አትችልም። ያኔ አድርጋው የነበረችው ቀይ የሸራ ጫማ አንዱ እግር እስከ ዛሬ በበሩና በመቃኑ መካከል እንደ ተሸጎጠ ነው።

ጣቢያው ስለ አስካለ ሊጠይቅ የሚመጣበት ቀን ሲቀርብ ፌቨን አያቷን አስታወሰች። ወረኢሉ ይኖሩ የነበሩት አያቷ ዛር ነበረባቸው። ሲነሣባቸው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ፣ ያጓሩ፣ ማርና ቀይ ሻሽ ይጠይቁ ነበር። ቤተሰቡ ተንበርክኮ "እሺ፣ ይደረጋል" ይላል፤ አንድ ሰው ደግሞ ለዛሩ ዋስ ይሆናል። ፌቨን የማትረሳው ሌላውን ነው፦ አያቷ ሲስቁ የምታያቸው በዚያች ሰዓት ብቻ ነበር።

እናም ሦስት ማታ ልጇን መታጠቢያ ቤት አስገብታ ውሃውን ከፈተች፤ ውሃ ሲፈስ በሩ የሚባለውን አይሰማም።

"ስምሽ እመት ብርቄ ነው" አለቻት። "በቀኝሽ ትበያለሽ። እኔን በስሜ ትጠሪኛለሽ፣ እንደ ታናሽሽ። ማር ጠይቂ። ሳቂ።"

አስካለ ከስንት ጊዜ በኋላ አፏን ከፈተች። "በምኑ ልሳቅ?"

"በምንም። ዝም ብለሽ ሳቂ። ካልሳቅሽ ይወስዱሻል።"

የመጀመሪያው ሳቅ ሳል ይመስል ነበር።

ጣቢያው ብርቄን በአንድ ቀጠሮ ተቀበላት። ፌቨንም "እመት ብርቄ እውነተኛ እንግዳ ለመሆኗ እኔ ዋስ ነኝ" ብላ ፈረመች። የዋስ አምባሩን እጇ ላይ አሰሩላት፤ ዋስ ሁሉ ያስራል፣ ምን እንደሚለካ አልጠየቀችም።

መጀመሪያ ብርቄ በቀን አንድ ሰዓት ትመጣ ነበር። እየቆየ ቁርስ ላይም፣ እራት ላይም ትገኝ ጀመር። ቤት ጠረገች። ወጥ ሠራች፤ ጨው ቢበዛባት ራሷ ሳቀች። "ፌቨንዬ፣ አንቺ እኮ ገና ልጅ ነሽ፣ ምነው እንደ አሮጊት ታቃስቻለሽ?" እያለች ትከሻዋን ታሻታለች። የክር ፋብሪካው የቀን ፈረቃ ሰጣት። ፌቨን በመጀመሪያው ወር "ልጄ ጎበዝ ናት፣ እንዴት አስመሰለችው" ትል ነበር። በሁለተኛው ወር እንዲህ ማለቱን ተወች። አንድ ቀን ከእንቅልፏ ስትነቃ ጸሐይ ወጥታለች፤ ሌሊቱን አንዴም አልተነሣችም። ደነገጠች። ከዚያም ለመደችው።

አምና አዲሱ ደንብ ወጣ፦ አንድ አካል፣ አንድ ነዋሪ። ሁለት ሆነው የሚያድሩ ሁሉ መለያ ቀን ይቆረጥላቸዋል። እንግዳው ይሰናበታል፣ ባለቤቱ ይቀራል፤ ሰው ሁሉ የገባው እንደዚያ ነበር። ፌቨንም የገባት እንደዚያ ነው። መለያ ቀናቸው ዛሬ ነው።

ነጠላዋን ከምስማሩ መንጭቃ ወጣች። ደረጃው ላይ ከታች ፎቅ የምትኖረው ማክዳ ቲማቲም የሞላ ዘንቢል ተሸክማ ስትወጣ ተገናኙ።

"ማን አደራችሁ?" አለች ማክዳ።

"እኔና አስካለ።"

"ወይ ውሸት! አሁን መኪናው ጋ አግኝቻት 'ፌቨንዬን እይልኝ፣ ቁርሷን አትበላም' አለችኝ እኮ። አስካለ በስምሽ መጥራት የጀመረችው መቼ ነው?" ማክዳ ዘንቢሏን አስቀምጣ ወገቧን ያዘች። "ደግሞ ምን ያስደብቅሻል? እንደሷ ያለች እንግዳ ብታርፍብኝ እኔ ጡሩንባ ባስነፋሁ። የእኔዋን አታዪያትም? ስትመጣ ስድብ፣ ስትሄድ ስድብ። ኮሶ እንደጠጣች ተኮሳትራ።"

ፌቨን ደረጃውን ወርዳ ወደ ጣቢያው ሮጠች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ፌቨን ብዙ ነገር ፈርታ ነበር፤ ይህን ግን ፈርታው አታውቅም።

የጣቢያው አስማሚ አቶ ኪሩቤል ይባላል፤ ሠላሳ ዓመት የማይሞላው፣ ትሑት፣ ከመሳቢያው ቆሎ እያወጣ የሚቆረጥም ሰው። ልጅቱ ከፊት ለፊቱ ተቀምጣለች። የብርቄን ቀይ ሻሽ አስራለች።

"ይቀመጡ እናቴ። እመት ብርቄ፣ ዋስዎ መጥተዋል።" ብርቄን አንቱ ይላታል። "ቆሎ ያንሡ።"

"እሷ ብርቄ አይደለችም" አለች ፌቨን ሳትቀመጥ። "ብርቄ የምትባል የለችም። እኔ ነኝ የፈጠርኳት። መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ውሃ ከፍቼ፣ ቃል በቃል አስጠናኋት። እንዳትወስዱብኝ ብዬ ነው። ዋሽቻለሁ፤ እኔን ቅጡኝ።"

ኪሩቤል ቆሎውን እስኪውጥ ጠበቀ።

"ለዚህ ነው የተጨነቁት?" አለ በለሆሳስ። "እናቴ፣ እዚህ ወንበር ላይ ያልተፈጠረ እንግዳ ተቀምጦ አያውቅም። አንዱን እናቱ ትፈጥረዋለች፣ አንዱን ሐዘን፣ አንዱን ረሃብ። ድሮስ ቢሆን ስሙን ማን ነበር የሚያወጣለት? እኛ ከየት መጣህ አንልም። እንዴት አደርክ ነው የምንለው።"

"ከሁለቱ የምትቀረው እሷ ናት፣ አስካለ!"

"ደንቡ ባለቤት ይቀራል አይልም። ደህና የሆነው ይቀራል ነው የሚለው።" ጠረጴዛው ላይ እንደ ስክሪን ያለ ብርሃን በራ። "እመት ብርቄ ይበላሉ፣ ይሠራሉ፣ ይስቃሉ። ሌላዋ ከግድግዳ ጋር ነው የምትኖረው። ከሁለቱ በሽታው የትኛው ነው? እርስዎ ይንገሩኝ።"

ፌቨን ወደ ልጅቱ ዞረች። "አስካለ። ንገሪው እንጂ ልጄ። ተነጋግረን የለም?"

ልጅቱ ፈገግ አለች። "ፌቨንዬ፣ ልጅቷ ደክሟታል። ተያት ትረፍ።"

"ሦስት ጊዜ በስሟ መጥራት ይፈቀዳል" አለ ኪሩቤል። "ሥርዓቱ ነው። ከሦስት በላይ ግን አይቻልም።"

"አስካለ" አለች ፌቨን።

"አስካለዬ!" ልጅቱ ሻሿን አስተካከለች፤ በቀኝ እጇ።

ሦስተኛውን ፈራችው። ስትናገረው ድምፅዋ እንደ ሹክሹክታ ነበር። "አስኩ።" በሕፃንነቷ እንደዚያ ነበር የምትጠራት።

የልጅቱ ግራ እጅ ከጭኗ ላይ ተነሥቶ ጠረጴዛው ላይ አረፈ። ፊቷ ላይ የነበረው ፈገግታ እንደ ውሃ ፈሰሰና አለቀ። ለብዙ ጊዜ ሳይከፈት እንደቆየ በር ሲጢጥ የሚል ድምፅ ከአፏ ወጣ።

"እማ።"

"ወዬ! ወዬ ልጄ!"

"ከሷ ጋር ትስቂ ነበር።"

"አንቺን መስላኝ እኮ ነው—"

"እኔ ጋ ስትመጪ ትንፋሼን ለመለካት ነው። ጣትሽ ይቀዘቅዝ ነበር።" አረፍ አለች። "ተኝቼ አልነበረም። አንድም ቀን ሰላም ብለሽኝ አታውቂም። ትንፋሽ ካለ ትሄጂያለሽ።"

ፌቨን እጇን ልትይዛት ተንጠራራች። ከመድረሷ በፊት ግራው እጅ ወደ ጭኗ ተመለሰ፤ ፈገግታውም በቦታው ገባ።

"በቃ፣ ተሰናበተች" አለች ብርቄ። "እኔም አንጀቴን በላችው፣ ምስኪን።"

ኪሩቤል ማስታወሻ ያዘ። ከዚያ ብርሃኑ ላይ ሁለት መስመር አሳያት፤ አንዱ እንደ መጋዝ ጥርስ የተሰባበረ፣ ሌላው እንደ ሜዳ የተንጣለለ።

"ይህ የማን እንቅልፍ ይመስልዎታል?"

"የአስካለ ነዋ።"

"የእርስዎ ነው። አምባሩ ነው የነገረን። አስካለ ባደረችበት ሌሊት ሁለት ሰዓት ተኩል ይተኛሉ። እመት ብርቄ ባደሩበት ሰባት ሰዓት። ልብዎም እንደዚያው፤ አስካለ ስትነሣ ይዘላል፣ እመት ብርቄ ሲነሡ ይረጋል። ሁለቱ ነዋሪዎች እኩል ለእኩል ነበሩ እናቴ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ እኛም ተቸግረን ነበር። ዋስ ምስክር ነው። የእርስዎ ምስክርነት ነው የለየው።"

"እኔ አልመሰከርኩም! እኔ እሷን ነው የምፈልገው!"

"አፍዎ እንደዚያ ይላል። ሰውነትዎ ግን መስክሯል፤ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በየሌሊቱ።" ወረቀቱን ወደ እሷ ገፋ። "እዚህ ላይ ይፈርማሉ። ዋስትናዬን አነሣለሁ ካሉም መብትዎ ነው። ያኔ ሁለቱም ዋስ የሌላቸው ይሆናሉ፤ ማረፊያቸው ጸጥታ ቤት ነው። መኪናው ውጭ ቆሟል።"

ፌቨን መኪናውን በመስኮት አየችው። የታጠበውን ሳህን አሰበች። በመስታወት ማዶ፣ በዓመት አንዴ።

ፈረመች።

እስክሪብቶውን ሳታስቀምጥ ግን የእናት አፏ አላስቻላትም። ይህን ሰው ማለማመጥ፣ አንዲት ነገር እንኳ ማትረፍ አማራት። "ቢያንስ፣ እባክህ የኔ ልጅ፣ በሩን አትዝጉባት። በር ሲዘጋ መተንፈስ አትችልም። ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ክፍቱን ነው የምታድረው። ጫማዋን መሐል አድርጌ። ምናልባት፣ ምናልባት ብትኖር፣ በሩን ብቻ..."

ኪሩቤል ቀና አለ። ዓይኑ ውስጥ እውነተኛ ምስጋና ነበር።

"ይህን አላወቅንም ነበር" አለ፤ ጻፈም። "የተሰናበተ ሰው ሊመለስ የሚሞክረው ማታ ነው፣ የለመደውን ፈልጎ። የለመደውን ነው የምንነሣው። አርባ ቀን ብቻ። እግዜር ይስጥልኝ እናቴ፤ ዋስ ሁሉ እንደርስዎ ቢረዳን ሥራችን ይቀል ነበር።"

ከሰዓት በኋላ አንድ ሠራተኛ መጥቶ በአስካለ መኝታ ቤት በር ላይ ቁልፍ ገጠመ። ሥራው ሃያ ደቂቃ አልፈጀበትም። ሲወጣ ማዘዣውን አነበበላት፦ እስከ አርባ ቀን፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በፊት ይቆለፋል፤ የሚቆልፈው ዋሱ በራሱ እጅ ነው፤ አንድ ቀን ካልተቆለፈ ሁለቱም ነዋሪዎች ይወሰዳሉ።

አመሻሹ ላይ ማክዳ ድፎ ዳቦ ይዛ መጣች። "እንኳን ደስ ያለሽ! ሕንፃው በሙሉ ሰምቷል። ምነው፣ የለቀስተኛ ፊት አደረግሽው?"

"ደስታ ነው የሚያስጨንቃት" አለች ብርቄ ዳቦውን እየቆረሰች። "እኔ አለሁ፣ አስቃታለሁ።"

ማክዳ ሳቀች። ፌቨንም ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ከንፈሯ መንቀሳቀሱን ስታውቅ በእጇ ሸፈነችው።

እራት በሉ። ብርቄ በቀኟ እየጎረሰች ስለ ፋብሪካው ሴቶች አወራች፤ ሳህኑን አጠበች፣ ኩባያዎቹን እጀታቸውን ወደ ቀኝ አድርጋ ደረደረች። ሦስት ሰዓት ሊሞላ አሥር ደቂቃ ሲቀረው የውጭው በር እንደ ወትሮው ጠየቀ።

"ማን ያድራል?"

ፌቨን ጉሮሮዋን ጠረገች። "ፌቨን" አለች። በሩ ጠበቀ። "እና ብርቄ።"

"መልካም እንቅልፍ" አለ በሩ።

ብርቄ ወደ መኝታ ቤቱ ሄደች፤ ፌቨን ቁልፉን ይዛ ተከተለቻት። ቀይዋ የሸራ ጫማ በመቃኑ ሥር እንደ ተሸጎጠች ናት። ጎንበስ ብላ አነሣቻት። መዳፏን እንኳ አትሞላም። በሩ በራሱ ክብደት ወደፊት ተንሸራተተ፤ ሊገጥም ጣት ሲቀረው ቆመ።

ፌቨን ገፋ አደረገችው። አልገጥም አለ። ቀና ስትል አየችው።

አራት ጣቶች የመቃኑን ጠርዝ ጨብጠዋል። የግራ እጅ ጣቶች ናቸው። ጥፍሮቹ ነጭ እስኪሆኑ ድረስ ተጣብቀዋል።

"ዝጊው እንጂ ፌቨንዬ፣ ብርድ ገባ" አለች ብርቄ ከውስጥ፣ እያዛጋች። እጇ ምን እንደሚያደርግ የምታውቅ አትመስልም።

"አስኩ" አለች ፌቨን በሹክሹክታ። ሦስቱ ጥሪ ግን ጠዋት አልቋል። ከውስጥ የመለሰላት የለም፤ ጣቶቹ ብቻ ይበልጥ ጠበቁ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሦስት ደቂቃ ይቀረዋል። ታች፣ መንገዱ ላይ፣ ሞተሩን ያላጠፋ መኪና ድምፅ ይሰማል።

የዋስ አምባሩ እጇ ላይ ሞቀ። የልቧን ይለካል።

በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ትንሿን ጣት ያዘች፤ በሕፃንነቷ ጥፍሯን ስትቆርጥላት እንደምትይዘው አድርጋ። አላቀቀቻት። የቀለበት ጣቷን አላቀቀች። ትንሿ ተመልሳ ልትይዝ ስትንጠራራ በመዳፏ ወደ ውስጥ መለሰቻት። የመሐሏ ጣት ጠንካራ ነበረች፤ ሁለት እጇን አስፈለጋት። መጨረሻ ላይ አንዲት ብቻ ቀረች፤ ፌቨን ከመንካቷ በፊት ያቺ ጣት ራሷ ላላች። መቃኑን ለቀቀችና ቀስ ብላ የእናቷን መዳፍ ዳበሰች፤ የፌቨን እጅ ቀዝቅዞ ነበር። ከዚያ ወደ ጨለማው ተመለሰች።

ፌቨን በሩን ገጥማ ቁልፉን አዞረችው።